«ማን ቀድሞ ገባ?»፦ የቀዝቃዛውን ጦርነት ጣልቃ ገብነት ከሰነድ የማጥናት ዘዴ

«ኮሚኒዝም በአፍሪካ ተስፋፋ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለጥናት አይመችም። ማን፣ መቼ፣ ምን ይዞ፣ በማን ጥሪ የሚሉትን ጥያቄዎች ሁሉ ደብቆ ያልፋል። «ኢምፔሪያሊዝም ጣልቃ ገባ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከቅኝ ግዛት በወጡ አገሮች የሆነውን ለመጻፍ የተነሣ ሰው፣ ጽሑፉ ለመመረቂያም ይሁን ለመጽሔት፣ ከሁለቱም መፈክሮች ወጥቶ ቀን መቁጠር አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሥራውን ከጥያቄ አቀራረጽ እስከ ሰነድ ጥየቃ የሚያስኬድ ዘዴ ነው። ዋናው ምሳሌ የ1975ቷ አንጎላ ስትሆን፣ ጎን ለጎን የ1977–78ቱ የኦጋዴን ጦርነት ይመጣል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄውን ማጥበብ

«ኮሚኒዝም እንዴት ተስፋፋ?» ከማለት ይልቅ «ከጃንዋሪ እስከ ኖቬምበር 1975 አንጎላ ውስጥ የውጭ ኃይሎች በምን ቅደም ተከተል ገቡ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ አገር፣ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ጊዜ፣ በጣት የሚቆጠሩ ተዋናዮች ይበቃሉ። ተዋናዮቹን ስትመዘግቡ ዋሽንግተንንና ሞስኮን ብቻ ጽፋችሁ አትቁሙ። በአንጎላ ጉዳይ ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ)፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኩባ፣ ቻይናና ለቃ የምትወጣው ቅኝ ገዥ ፖርቱጋል አሉ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ጠሪው ነው፤ ማለትም መሣሪያ ወይም ጦር የለመነው የአገሬው ኃይል። የአጎስቲኖ ኔቶ ኤምፒኤልኤ፣ የሆልደን ሮቤርቶ ኤፍኤንኤልኤና የዮናስ ሳቪምቢ ዩኒታ የተባሉት ሦስቱ የአንጎላ ነጻነት ድርጅቶች ሌሎች የሚገፏቸው ጠጠሮች አልነበሩም፤ እያንዳንዳቸው ከአንድ በላይ በር አንኳኩተዋል።

ርዕዮተ ዓለምን መነሻ አታድርጉት። በአንጎላ ኮሚኒስቷ ቻይና የኤፍኤንኤልኤን ተዋጊዎች ዛየር ውስጥ ታሠለጥን ነበር፤ ያው ድርጅት ከሲአይኤ ገንዘብ ይቀበላል። በአፍሪካ ቀንድ ደግሞ ሞስኮ ጁላይ 11 ቀን 1974 ከሶማሊያ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረመች፤ ኖቬምበር 20 ቀን 1978 ተመሳሳዩን ከኢትዮጵያ ጋር ፈረመች። በመካከሉ ሁለቱ አገሮች ተዋግተዋል፣ ሁለቱም መንግሥታት ራሳቸውን ሶሻሊስት ይሉ ነበር። የርዕዮተ ዓለሙን ነገር ለመጨረሻ አቆዩትና ቀኖቹ ከተደረደሩ በኋላ ምን ያህል እንደሚያስረዳ ፈትኑት። በእኛ ግምት ከሚባለው በታች ነው የሚያስረዳው።

ለአንድ ድርጊት ሦስት ቀን

የሥራው ልብ ያለው እዚህ ነው። ኤክሴል ላይ ወይም በወረቀት ሠንጠረዥ ሥሩና ለእያንዳንዱ ድርጊት አንድ መስመር ስጡ። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ ተዋናይ፣ የድርጊቱ ዓይነት (ገንዘብ፣ መሣሪያ፣ አሠልጣኝ ወይም መደበኛ ጦር)፣ መጠን፣ ጠሪ፣ የተወሰነበት ቀን፣ የደረሰበት ቀን፣ በይፋ የተነገረበት ቀን፣ ምንጭ። «የኩባ ጣልቃ ገብነት» የሚል መስመር እንዳይኖር ተጠንቀቁ፤ እሱ ራሱ አራት አምስት መስመር የሚወጣው ነገር ነው።

ሦስቱን ቀኖች ለምን እንለያለን? አብዛኛው ክርክር የሚመጣው አንዱ ወገን የራሱን ድርጊት በተነገረበት ቀን፣ የባላንጣውን በተወሰነበት ቀን ስለሚቆጥር ነው። የሶማሊያ መደበኛ ጦር ኦጋዴን የገባው በጁላይ 1977 ነው። ሞቃዲሾ ግን የሚዋጉት የምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪ ግንባር ሰዎች ብቻ ናቸው እያለች ቆይታ መደበኛ ጦሯ መሰለፉን ያመነችው በፌብሩዋሪ 1978 ነው። ጋዜጣ ብቻ ያነበበ ሰው ወረራውን ሰባት ወር ያህል አዘግይቶ ይጽፋል። ደቡብ አፍሪካም በ1975 አንጎላ የገባው ጦሯን የአገሯ ጋዜጦች እንዳይዘግቡ ከልክላ ነበር፤ የዚያን ዘመን የጆሃንስበርግ ጋዜጣ ዝም ማለቱ ጦሩ አለመግባቱን አያሳይም።

አንድ ቀን ካጣችሁ ሳጥኑን ባዶ ተዉት። በግምት የተሞላ ሳጥን ሦስት ወር ቆይቶ እንደ እውነት ይነበባል።

አንጎላ ላይ ስንሞክረው

ፖርቱጋል ኤፕሪል 25 ቀን 1974 መንግሥቷ በመፈንቅለ መንግሥት ወደቀ። ጃንዋሪ 15 ቀን 1975 በአልቮር ስምምነት ሦስቱ ድርጅቶች የሽግግር መንግሥት እንዲመሠርቱና ነጻነት ኖቬምበር 11 እንዲሆን ተወሰነ። ከዚህ በኋላ ያለውን በዓይነት ከፋፍላችሁ ሙሉት።

ገንዘብ፦ ስምምነቱ ከተፈረመ ከሳምንት በኋላ፣ ጃንዋሪ 22፣ የአሜሪካን ስውር ዘመቻዎች የሚያጸድቀው «ኮሚቴ 40» ለኤፍኤንኤልኤ 300,000 ዶላር ፈቀደ። ገንዘቡ ለፖለቲካ ሥራ እንጂ ለመሣሪያ አልነበረም፤ ይህም መጻፍ አለበት። በጁላይ ወር ፕሬዚዳንት ፎርድ መሣሪያ የሚጨምር ሰፊ የሲአይኤ ዘመቻ አጸደቁ፣ የመጀመሪያው በጀት 14 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የአፍሪካ ክፍል ኃላፊ ናትናኤል ዴቪስ ይህን ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

መሣሪያ፦ ሶቪየት ኅብረት ለኤምፒኤልኤ የምትሰጠውን እርዳታ እንደገና ያነሣሣችው በ1974 መጨረሻ ገደማ ነው፤ ብዙው መሣሪያ የደረሰው ግን በ1975 ነው። በተወሰነበት ቀን የሚቆጥር ሰው ሞስኮን ያስቀድማል፣ በደረሰበት ቀን የሚቆጥር ነገሩ ይወሳሰብበታል።

አሠልጣኝ፦ ቻይናውያኑ በ1974 አጋማሽ ዛየር ነበሩ። የኩባ ልዑክ በራውል ዲያስ አርጉዌየስ መሪነት በኦገስት 1975 መጀመሪያ ሉዋንዳ ደረሰ። ከዚያ በኋላ 480 ገደማ ኩባውያን አሠልጣኞች ተመድበው በኦክቶበር አራት የማሠልጠኛ ሰፈሮች ከፈቱ።

መደበኛ ጦር፦ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች በኦገስት በኩኔኔ ወንዝ ላይ ያለውን የካሉዌኬ ግድብ አካባቢ ያዙ። ኦክቶበር 14 «ዙሉ» የተባለው የብረት ለበስ ግብረ ኃይል ከናሚቢያ ድንበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ገሰገሰ። በኖቬምበር መጀመሪያ ካቴንጌ ላይ ከኩባ አሠልጣኞች ጋር ተጋጠመ። በማግስቱ ኖቬምበር 4 ሃቫና መደበኛ ጦር ለመላክ ወሰነች፣ ዘመቻውንም «ካርሎታ» ብላ ሰየመች። የመጀመሪያዎቹ ልዩ ኃይሎች ኖቬምበር 7 «ብሪታኒያ» በሚባል አሮጌ አውሮፕላን ተነሡ። ኖቬምበር 10 ኪፋንጎንዶ ላይ በኤፍኤንኤልኤና በዛየር ጦር ላይ የተደረገው ውጊያ ሉዋንዳን አዳነ፤ በማግስቱ የኤምፒኤልኤው አጎስቲኖ ኔቶ ነጻነትን አወጁ።

አሁን «ማን ቀድሞ ገባ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በምን እንደምትቆጥሩ ይለያያል። መደበኛ ጦር ከሆነ መለኪያው ደቡብ አፍሪካ ኩባን ትቀድማለች። አሠልጣኝ ከተቆጠረ ኩባ ከ«ዙሉ» በፊት ነበረች፣ ቻይና ደግሞ ከሁሉም በፊት። የመሣሪያ ውሳኔ ከሆነ ሞስኮ ትቀድማለች። «አሜሪካ የገባችው የኩባን ጦር ለመመከት ነው» የሚለው በየትኛውም አቆጣጠር አይቆምም፤ የጁላዩ ውሳኔ ከኩባ መደበኛ ጦር ከሦስት ወር በላይ ይቀድማል። «የሶቪየትን መሣሪያ ለመመከት ነው» የሚለው ግን ክርክር ይገባዋል። ስለዚህ ጽሑፋችሁ መግቢያ ላይ «ጣልቃ ገብነት ስንል እንዲህ ማለታችን ነው» ብላችሁ መለኪያውን አስቀምጡ፣ ከዚያም ለሁሉም ተዋናይ በእኩል ተጠቀሙበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአንዱን አገር ግኝት ወደ ሌላው አትውሰዱ። ኩባ በ1975 ጦር ለመላክ የወሰነችው ሞስኮን አስቀድማ ሳታማክር እንደነበር የኩባ ሰነዶች ያሳያሉ። በኢትዮጵያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኖቬምበር 13 ቀን 1977 ሶማሊያ የ1974ቱን የወዳጅነት ውል ሰርዛ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረች። ኖቬምበር 25 ካስትሮ ጦር ለመላክ ወሰኑ፣ በዚያው ሰሞን የሶቪየት የአየር ማመላለሻ ተጀመረ፣ በግንባሩ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭና የኩባው አርናልዶ ኦቾዋ አብረው ሠሩ። እዚህ ሃቫናና ሞስኮ ተነጋግረው ነው የመጡት።

ሰነዱ የት ይገኛል

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የታሪክ ቢሮ የተመረጡ ሰነዶችን በተከታታይ ጥራዝ አሳትሞ በድረ ገጹ በነጻ ያስነብባል። ለአንጎላ የ1969–1976ቱን 28ኛ ጥራዝ፣ ለቀንዱ የ1977–1980ውን 17ኛ ጥራዝ ክፍል 1 ክፈቱ። ጀማሪ ከዚህ ይጀምር፤ ግርጌ ማስታወሻዎቹ ወደ ዋናው ፋይል ይመራሉ። ነገር ግን ምርጫ መሆኑን አትርሱ፤ አዘጋጆቹ ያስቀሩት ብዙ ነው። ከ1973 እስከ 1979 ያሉትን የኤምባሲ ቴሌግራሞች በጅምላ የሚፈልግ ሰው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትን የመረጃ ቋት ይጠቀም። የሲአይኤ የቆዩ ወረቀቶች ከ2017 ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱ የንባብ ገጽ ላይ አሉ።

የሶሻሊስቱ ጎራ ወረቀት የሚገኘው በአብዛኛው ተዘዋውሮ ነው። ከ1990 በኋላ የምሥራቅ ጀርመን ገዥ ፓርቲ ማኅደር ስለተከፈተ ሞስኮ ወይም ሃቫና ውስጥ የማይታይ ንግግር ቅጂው በርሊን ይገኛል። ኤፕሪል 3 ቀን 1977 ካስትሮ ለምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ሆኔከር ስለ መንግሥቱና ስለ ዚያድ ባሬ የተናገሩት የዚህ ዓይነት ነው፤ መንግሥቱን ሲያወድሱ ዚያድ ባሬን በትምክህተኝነት ይከሳሉ። በዋሽንግተን የሚገኘው የዊልሰን ማዕከል ዲጂታል ማኅደር እንዲህ ያሉትንና የሶቪየቱ አምባሳደር ራታኖቭ ከመንግሥቱ ጋር ያደረጓቸውን ውይይቶች በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አስቀምጧል። ካስትሮ በስፓንኛ ተናገሩ፣ ጸሐፊው በጀርመንኛ መዘገበ፣ እናንተ በእንግሊዝኛ አንብባችሁ በአማርኛ ትጽፋላችሁ። ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነት ሰነድ ሐሳቡን ውሰዱ እንጂ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ቃል በቃል አታስገቡ።

የአምባሳደር ማስታወሻ የራሱ ጣጣ አለው። አምባሳደሩ ለአለቆቹ ስለሚጽፍ ብልህ ምክር ሁልጊዜ ከእሱ ይወጣል፣ አስተናጋጁ ሁልጊዜ ይስማማል። በሌላ አገር ኤምባሲ ስለዚያው ሳምንት የተጻፈ ካለ አጠገቡ አስቀምጡ።

ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወመጻሕፍት የቆዩ «አዲስ ዘመን» ጥራዞች አሏቸው። ጋዜጣው የሚሰጣችሁ የተነገረበትን ቀን ነው፤ በሦስተኛው የቀን ዓምድ እንጂ በመጀመሪያው አትጻፉት።

ቴሌግራም ሲነበብ

ከራስጌው ያለውን የቁጥር ረድፍ አትዝለሉ። መጀመሪያ ሁለት አኃዝ ቀን፣ ቀጥሎ አራት አኃዝ ሰዓትና ደቂቃ በግሪንዊች አቆጣጠር ነው። «231405» ማለት በ23ኛው ቀን 14፡05 ነው። አዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፣ ስለዚህ 17፡05፣ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። ይህን ያልቀየረ ሰው «ኤምባሲው ዜናው በሬዲዮ ከመነገሩ በፊት ያውቅ ነበር» ብሎ ይጽፍና ምሥጢር ያገኘ ይመስለዋል። ከዚያ የአስቸኳይነት ደረጃውንና የተላከላቸውን ዝርዝር እዩ፤ ለዋሽንግተን ብቻ የሄደና ለአሥር ኤምባሲ የተበተነ ወሬ እኩል ክብደት የለውም።

ሰነዱ ውስጥ «ምንጫችን እንደነገረን» የሚል ካለ ምንጩ ማን እንደሆነ ገምቱ፦ ተቀናቃኝ ባለሥልጣን ነው? ስደተኛ ነው? ተፎካካሪ ኤምባሲ ነው? የሞቃዲሾ ሰው ስለ ኩባውያን ብዛት ሲናገር ለማጋነን ምክንያት አለው፣ መሣሪያ ከአሜሪካ ይፈልጋልና።

የተፈረመ ትእዛዝ ስላልተገኘ ውሳኔ አልነበረም አትበሉ። በኮንጎ ጉዳይ የሲአይኤው ዋና ሹም አለን ደለስ ኦገስት 26 ቀን 1960 በላኩት መልእክት የኮንጎው ጠቅላይ ሚኒስትር የሉሙምባ መወገድ አስቸኳይና ዋና ዓላማ መሆኑን አስታወቁ። በ1975 ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ከፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የተጻፈ የግድያ ትእዛዝ አላገኘም፤ ከምስክሮችና ከስብሰባ ማስታወሻዎች ግን ፈቃድ እንደነበር ለመገመት የሚያበቃ ማስረጃ አለ ብሏል። እናንተም እንዲሁ ደረጃ ስጡ፦ «በሰነድ የተረጋገጠ»፣ «በምስክር የተደገፈ»፣ «ከሁኔታው የሚገመት»። ሉሙምባ ጃንዋሪ 17 ቀን 1961 ካታንጋ ውስጥ ሲገደሉ በሥፍራው የነበሩት የካታንጋ ሰዎችና ቤልጂጎች ናቸው፤ ዕቅድ ማውጣትና መፈጸም ሁለት የተለያዩ መስመሮች ይሁኑ።

ቁጥሮች የሚያሳስቱበት መንገድ

የገንዘብ መጠን ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። የአንጎላው የሲአይኤ ዘመቻ በመጨረሻ ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል ይባላል። በ1976 ያፈተለከው የተወካዮች ምክር ቤት የምርመራ ኮሚቴ ሪፖርት ግን መሣሪያዎቹ ከዋጋቸው በታች መተመናቸውን ጽፏል፤ ሽጉጥ በ5 ዶላር የተመዘገበበት አለ። በሌላ በኩል ለኢትዮጵያ የተላከው የሶቪየት መሣሪያ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው የሚለው የምዕራባውያን ግምት ታንክን በዶላር ተምኖ የተገኘ ነው። አንዱ ሆን ተብሎ የተቀነሰ፣ ሌላው በተገማች ዋጋ የተባዛ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ «ሞስኮ ሠላሳ እጥፍ አወጣች» ማለት ከንቱ ነው። ሲቻል ቁሳቁሱን በዓይነት ቁጠሩ፦ ስንት ታንክ፣ ስንት አውሮፕላን።

የሰው ቁጥርም እንዲሁ። አማካሪ፣ አሠልጣኝ፣ ሐኪምና ተዋጊ ተደምሮ ከቀረበ ለዩት። ቁጥሩ የየትኛው ወር እንደሆነም ጻፉ። ኩባ በአንጎላ በ1976 ጸደይ 36,000 ወታደር ነበራት የሚለው አሐዝ የራሷ የኩባ ነው፤ በወቅቱ የነበረው የአሜሪካ ግምት ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ለኦጋዴን ግንባር ደግሞ ከ12,000 እስከ 18,000 የሚሉ ግምቶች አሉ። አማካዩን አውጥታችሁ 15,000 ብላችሁ አትጻፉ፤ ሁለቱን ጫፍ ከነምንጫቸው አስቀምጡ። ቁጥሩ የመጣው ከላኪው ነው፣ ከተቀባዩ ነው ወይስ ከጠላት? ይህ ከቁጥሩ ራሱ በላይ ይናገራል።

የዘመን አቆጣጠርና የቃል ምስክር

ከአማርኛ ምንጭ ጋር የሚሠራ ሰው ቀን መቀየር ሳይማር ሠንጠረዥ አይጀምር። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ጂጂጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ የተመለሰችው ማርች 5 ቀን 1978፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ወጥመዱ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ነው፤ ያኔ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል፣ ሁሉም እስከ ፌብሩዋሪ 29 በአንድ ቀን ይገፋል። 1968 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ስለዚህ የአንጎላ ነጻነት የታወጀበት ኖቬምበር 11 ቀን 1975 ኅዳር 1 ቀን 1968 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ በተለመደው ዓመት ስሌት የሚሠራ ኅዳር 2 ብሎ ይስታል። ኩባ በወሰነችበትና በዘመተችበት መካከል ያለው ሦስት ቀን ብቻ በሆነ ጉዳይ የአንድ ቀን ስሕተት ትንሽ አይደለም።

ወደ ኦጋዴን የዘመቱ ሰዎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ በአገር ቤትም በአሜሪካም አሉ። ስትጠይቋቸው «በስንት ቀን ነበር?» አትበሉ። «ጥምቀትን የት ዋላችሁ?»፣ «ኩባዎቹን ያያችኋቸው ከዚያ በፊት ነው በኋላ?»፣ «የጫናችሁ መኪና ምን ዓይነት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥምቀት በ1970 ዓ.ም. ጃንዋሪ 19 ዋለ፤ ሰውየው በዓሉን ካስታወሰ ቀኑን እናንተ ታወጣላችሁ። በአይኑ ያየውንና በኋላ ከሬዲዮ የሰማውን ለይቶ እንዲነግራችሁ በየመሃሉ አስታውሱት። አንድ ጋሼ የነገሯችሁን ሌላው ከሌላ ክፍለ ጦር ሳያረጋግጥላችሁ ቁጥር አድርጋችሁ አታስገቡ።

ያልተለቀቀውን መጠየቅ

ገጹ ላይ ጥቁር ያረፈበት ወይም «ተነሥቷል» የሚል ወረቀት የተተካበት ሰነድ ካገኛችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የአሜሪካ የመረጃ ነጻነት ሕግ ለዜጋ ብቻ አልተወሰነም፤ አዲስ አበባ ያለ ተማሪም ጥያቄ ማስገባት ይችላል። ለየት ያለው የፎርድና የካርተር ፕሬዚዳንታዊ ወረቀት ነው። እነዚህ በስጦታ ውል የገቡ ስለሆኑ በዚያ ሕግ አይጠየቁም፤ አን አርበር ካለው የፎርድና አትላንታ ካለው የካርተር ቤተ መጻሕፍት የምሥጢር ግምገማ የሚባለውን ሌላ ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል።

«ስለ ኦጋዴን ጦርነት ያለውን ሁሉ» ብሎ የጠየቀ ሰው ወይ ውድቅ ይደረግበታል ወይ ዓመታት ይጠብቃል። የሰነዱን ቁጥር፣ ቀን፣ ላኪና ተቀባይ ጻፉ፤ ከጥራዞቹ ግርጌ ማስታወሻ የምታገኙት ይህንኑ ነው። በአንድ ደብዳቤ አንድ ወይም ሁለት ሰነድ ጠይቁ፣ ክፍያ ካለ እስከ ስንት ዶላር እንደምትከፍሉም ግለጹ። ሕጉ 20 የሥራ ቀን ይላል፤ ለምሥጢራዊ ወረቀት ግን ወራትና ዓመታት የተለመደ ነው። የሚሰጣችሁን የመዝገብ ቁጥር በሠንጠረዡ የምንጭ ዓምድ ከባዶው ሳጥን አጠገብ ጻፉና ባላችሁ ማስረጃ መጻፋችሁን ቀጥሉ።